የአንዶንግ በር

ይማርሽ የአስጎብኚነቱን ፈተና ሁለት ጊዜ ወስዳ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። የወደቀችው በዕውቀት አይደለም። በጽሑፉ ፈተና ሁለቱንም ጊዜ የሚደርስባት አልነበረም፤ የእያንዳንዱን ቤተ ክርስቲያን የመስኮት ቁጥር ሳይቀር በቃሏ ታውቃለች። የጣላት የተግባሩ ነው። ሰው ፊት ቆማ አፏን ስትከፍት ድምፅዋ ከጉሮሮዋ አያልፍም። ባለፈው ዓመት ቤተ አማኑኤል አጠገብ አሥራ ሁለት ሰው አስከትላ ስታስረዳ፣ ከኋላ የቆመው ፈታኝ ወንዴ ጆሮውን በመዳፉ ደግፎ፣ «ለእኛ ለኋለኞቹ ሌላ አስጎብኚ ይላክልን?» ብሎ ሰዉን አሳቀባት። ከዚያ በኋላ የተናገረችውን ዛሬም አታስታውሰውም።

ሦስተኛው የመጨረሻዋ ነው። የማኅበሩ ደንብ ከሦስት ጊዜ በላይ አይፈቅድም። ወንድሟ ቢሆነኝ ደግሞ ኮን ከተማ፣ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ቦታ አግኝቶላታል፤ እስከ ሰኞ እሺ ወይም እንቢ ማለት አለባት። «መዝገብ ቤት ማንም አያናግርሽም፤ ለአንቺ የተፈጠረ ሥራ ነው» አላት በስልክ። ለደግ ብሎ ነው። እሷ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላላት አለ።

ፈተናው ወደ ኮሪያ የዞረው እንዲህ ነው። ሰኔ ሲገባ፣ ላሊበላ የውጭ እንግዳ በሌለባት ሰሞን፣ ሃን የምትባል ኮሪያዊት አንዶንግ ከምትባል ከተማ ፎቶግራፍና ጭምብል በአራት ሳጥን ይዛ መጣች። ሐሳቧ፣ የአንዶንግ ሰዎች እንግዳ ሲመጣባቸው የሚያሳዩትን ሁሉ ለላሊበላ ሰዎች ማሳየት ነበር። አዳራሽ ተሰጣት። በአማርኛ የሚያስረዳላት ሰው ስትፈልግ ግን አስጎብኚዎቹ ተሳሳቁ።

«ኮሪያን በዓይኑ ያላየ ሰው ኮሪያን ሊያስጎበኝ?» አለ ወንዴ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ወርቅአገኘሁ አልሳቁም። «ፈረንጁስ ቢሆን ላሊበላን የሚያውቃት እኛ ስንነግረው አይደል?» አሉና የተፈታኞቹን ዝርዝር አገላበጡ። «ይማርሽ ትሥራው። ፈተናዋም ይሁንላት።»

ሁለት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀች። ሃን የሰጠቻትን የአንዶንግ የጎብኚዎች መጽሐፍ አንብባ ጨረሰችው። ወንዝ እንደ ቀለበት የሚዞራትን አሮጌ መንደር፣ ሊቃውንቱ ደቀ መዛሙርት ያስተምሩበት የነበረውን ተራራ ሥር ያለ ትምህርት ቤት፣ የጨርቅ ሥራውን፣ የጭምብል ጨዋታውን አጠናች። ማታ ማታ ሃንን በእንግሊዝኛ እየጠየቀች፣ መጽሐፉ ያልነገራትን በደብተሯ ጻፈች። ከዚያ ሁሉ አርባ ደቂቃ የምትወስድ ንግግር አወጣችና ከ«ክቡራትና ክቡራን» ጀምራ እስከ «አመሰግናለሁ» ሸመደደቻት።

ሃን ከፎቶግራፎቹ አስቀድማ ያሠራችው በር ነበር። እንግዳ ወደ አንዶንግ ቤት እንደሚገባ በበር ይግባ ብላ፣ አንድ የላሊበላ አናጢ ከሥዕል አይቶ ባለ ሁለት መዝጊያ ትልቅ የእንጨት በር ሠራላት፤ አዳራሹ ውስጥ፣ ከመግቢያው ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ ቆመ። መዝጊያዎቹ ላይ ሃን ራሷ በብሩሽ የጻፈችባቸውን ሁለት ረጃጅም ነጫጭ ወረቀቶች ለጠፈች።

ቀኑ ሰኔ ዐሥራ ሦስት ሆነ፤ የላሊበላ ክብረ በዓል በዋለ ማግስት። የተጋበዙት የሆቴል ባለቤቶችና የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ነበሩ። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ተናደ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ሰው ከሰው መደማመጥ አልቻለም። ከተጋባዦቹ አንድም ዝር አላለም። አዳራሹ ውስጥ ያሉት አቶ ወርቅአገኘሁ፣ የፈተናውን ቅጽ ጉልበቱ ላይ የዘረጋው ወንዴ፣ ሃንና ይማርሽ ብቻ ናቸው።

«እንግዲህ ለወንበሮቹ ታስረጃቸዋለሽ» አላት ወንዴ ጮክ ብሎ። «እነሱ እንኳ አልሰማንሽም አይሉሽም።»

ይማርሽ ሳትመልስለት የውጭው በር ተበረገደ። ዝናብ ያባረራቸው ሠላሳ ያህል ተሳላሚዎች፣ ነጠላቸው ገላቸው ላይ ተጣብቆ፣ እየተገፋፉ ገቡ። ከፍላቂት አካባቢ ለበዓሉ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አውቶቡሳቸው ጎርፍ መንገዱን ስለዘጋው ለነገ ከሰዓት ተዛውሮባቸው፣ ገበያ ለገበያ ሲንከራተቱ ነበር ዝናቡ የያዛቸው።

ከፊት የነበሩት እማማ አልጣሽ ይባላሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው የማያርፍ ሴት። ቀና ሲሉ በሩን አዩት። ትልቅ በር፤ ላዩ ላይ የማያውቁት ጽሕፈት። እማማ አልጣሽና ጓደኞቻቸው ሦስት ቀን ሙሉ በር ሲሳለሙ የሰነበቱ ናቸው። ከቤተ መድኃኔ ዓለም እስከ ቤተ ጊዮርጊስ፣ ዘንድሮ ያልሳሙት መቃን የለም። ምንም አላመነቱም። የፕላስቲክ ጫማቸውን አወለቁና ግንባራቸውን የቀኙ መቃን ላይ አስደግፈው ሳሙት፤ ከዚያ የግራውን። ከኋላቸው የነበሩት ጋሽ አዳምም ጫማቸውን አወለቁ። ከዚያ ሁሉም ተሰለፈ።

ይማርሽ ከበሩ ወዲያ ቆማለች። ከመጀመሪያዋ ሴት ጀምሮ አይታለች። «ቆዩ፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» ማለት ነው፤ አራት ቃል። ምላሷ ተሳሰረባት። አንዱ ሲስም የሚቀጥለውን አስቆመዋለሁ ትላለች፤ የሚቀጥለው ይስማል። ሃን ምን እየሆነ እንደሆነ ስላልገባት፣ በደስታ ፊቷ በርቶ፣ ስሞ ለሚገባው ሁሉ ወገቧን ሰበር እያደረገች እጅ ትነሳለች።

«ኧረ ተናገሪ!» አለ ወንዴ ከወንበሩ። «ምን ዓይነት ጉድ ነው!»

በመጨረሻ የገቡት የተሳላሚዎቹ የነፍስ አባት፣ አባ ገብረ ዮሐንስ ነበሩ። አረጋውያኑን አስቀድመው፣ ጃንጥላቸውን አራግፈው፣ መቃኑ ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ጽሕፈቱን አዩት። ግዕዝ አይደለም። ወዲያ ማዶ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የሚስቁ የእንጨት ፊቶች አዩ። ከዚያ ይማርሽን አዩ።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህ የማን ቤት በር ነው?»

ዝናቡ ጋብ ብሏልና ሁሉም ሰማቸው። እማማ አልጣሽ እጃቸውን ወደ ከንፈራቸው ወሰዱ። አንዲት ሴት «በስመ አብ» ብላ አማተበች።

«አባታችን፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» አለች ይማርሽ። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ ግን ወጣ። «የሰው ቤት በር ነው። አንዶንግ በምትባል የኮሪያ ከተማ የሰው ቤት በር እንዲህ ነው። የጣዖትም የምንም አይደለም።» ወደ መቃኑ አመለከተች። «እማማ ሲሳለሙት አይቻለሁ። ማስቆም ነበረብኝ፤ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የኔ ነው። እባክዎ እነሱን አይቆጡብኝ።»

የወንዴ እስክሪብቶ ቅጹ ላይ ሲጭር ሰማችው።

አባ ገብረ ዮሐንስ አልተቆጡም፤ ፊታቸውም ግን አልተፈታም። «ጽሕፈቱ ምን ይላል? ታውቂዋለሽ ወይስ እንዲሁ ነው?»

ይህ በሸመደደችው ንግግር ውስጥ የለም። የሚገኘው ደብተሯ ውስጥ ነው፤ ሃን ብሩሿን እያጠበች የነገረቻት። «አውቀዋለሁ። ብርዱ አልፎ ጸደይ ሲገባ፣ በዓመት አንድ ቀን በየበራቸው የሚለጥፉት ምርቃት ነው። ይሄኛው ጸደይ ገባ፣ ታላቅ በጎ ነገር ይሁን ይላል። ያኛው ደግሞ ብርሃን ይቁም፣ ደስታ ይብዛ ይላል። ለሚኖርበትም ለሚገባውም ነው።»

«ምርቃት» አሉ አባ ገብረ ዮሐንስ። ወደ ሕዝባቸው ዞሩ። «ስሙኝ። የሰው ደጅ ደርሳችሁ ሰላም ብላችኋል። ከዚያ ያለፈ ነገር የለበትም፤ ስታችሁ ያደረጋችሁትን እግዚአብሔር ያውቀዋል። ደጅ ላይ ቆሞ መቅረት ግን ነውር ነው፤ ግቡ።» ራሳቸው በሩን ሳይስሙ፣ አንገታቸውን ብቻ ዝቅ አድርገው አለፉ። ሃን እስከ ጉልበቷ ድረስ አጎነበሰችላቸው።

እማማ አልጣሽ ድንጋጤያቸው ወደ ንዴት፣ ንዴታቸው ወደ ጨዋታ እስኪዞር ጊዜ አልፈጀባቸውም። «በይ እንግዲህ፣ አንቺ ልጅ! በባዶ እግሬ ሰላም ብያለሁ። ባለቤቶቹ የታሉ? አሳዪኝ እንጂ!»

ይማርሽ «ክቡራትና ክቡራን» ልትል አፏን ከፈተች። ፊቷ የቆሙት ሰዎች ከነጠላቸው ጫፍ ውኃ ይንጠባጠባል። «በዚህ በኩል ይምጡ» አለች በምትኩ፤ ወደ መጀመሪያው ፎቶግራፍ ሳይሆን እማማ አልጣሽ አፍጥጠው ወደሚያዩት ገበታ ወሰደቻቸው። በፎቶግራፉ ላይ በትንንሽ የነሐስ ሳሕን የተደረደረ ሩዝ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ የተጠበሰ ዓሣ አለ።

«ይኼ ምንድን ነው? ሠርግ ነው?» አሉ ጋሽ አዳም።

«አይደለም። አንዶንጎች ለሞቱ አያቶቻቸው በየዓመቱ ማዕድ ያቀርባሉ፤ እኛ ለተዝካር እንደምንደግሰው ዓይነት። ይኼ ያ ምግብ ነው። እንግዳ ሲመጣ በየምግብ ቤቱ ይቀርብለታል።»

«እንግዳው መጥቶ ማን ሞቶ ያገኛል?»

«ማንም አልሞተም።»

«ማንም ሳይሞት ተዝካር?» እማማ አልጣሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ስሙም የውሸት የተዝካር ምግብ ነው የሚባለው። ድሮ ሊቃውንቱ ማታ ማታ ሲያነቡ ይርባቸው ነበር አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ በተራበበት ዘመን ጥሩ ምግብ ማሠራት ነውር ሆኖባቸው፣ የአያታችን መታሰቢያ ነው ብለው እያሳበቡ ያሠሩ ነበር ይባላል።»

«እንኳን የኛ ደብተራዎች ይኼን ዘዴ አልሰሙ!» አሉ ጋሽ አዳም ጮክ ብለው።

«ሰምተናል» አሉ አባ ገብረ ዮሐንስ ከኋላ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ወርቅአገኘሁ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ደግሞ በሐዋርያት ጾም፣ በባዶ ሆዳችን፣ ይኼን ሁሉ ሳሕን ታሳይናለሽ» አሉ እማማ አልጣሽ። «ነይ ከዚህ ውሰጅኝ።»

ከዚያ በኋላ ይማርሽ አስጎበኘች ከማለት ተጎተተች ማለት ይቀላል። አንዱ በዚህ ይጠራታል፤ አንዷ በዚያ ክንዷን ትይዛታለች። ወንዙ መንደሩን እንደሚዞረው ስታሳያቸው፣ ጋሽ አዳም ክረምት ሲሞላ በየት በኩል ከብት እንደሚያሻግሩ ጠየቁ። ሴቶቹ የጥጥ ጨርቅ ያለችውን ቁራጭ በጣታቸው አሽተው፣ ጥጥ አይደለም ብለው ተከራከሩ። እውነታቸውን ነው፤ ከቃጫ የሚፈተል ነው፣ «ጥጥ» ያለችው እሷ ተሳስታ ነበር። ከመጽሐፉ በጥድፊያ የገለበጠችው ነው። «ተሳስቻለሁ፣ እናንተ ልክ ናችሁ» አለችና ሃንን ጠይቃ አስተካከለችው። ከአርባ ደቂቃዋ ንግግር የትኛውን እንዳለች የትኛውን እንደዘለለች መቁጠር ትታለች።

ጭምብሎቹ ጋ ሲደርሱ ሃን የባላባቱን አወረደች። አገጩ ለብቻው ተሠርቶ በገመድ የታሰረ ነው። ይማርሽ ለጋሽ አዳም ሰጠቻቸው።

«ቀና ይበሉ፣ ጋሼ።»

ቀና አሉ። የእንጨቱ ፊት አፉን ከፍቶ ሳቀ።

«አሁን ደግሞ ዝቅ።»

ዝቅ ሲሉ ያው ፊት አኩርፎ፣ ተቆጥቶ ታየ። ሴቶቹ «ኧረግ!» አሉ። ጋሽ አዳም ደስ አላቸው። ከጭምብሉ ውስጥ ሆነው፣ «የት አለ ግብሬ? አምጡ! በሬውንም ሴቲቱንም አምጡ!» እያሉ አንዴ ይስቃሉ፣ አንዴ ይቆጣሉ።

«ልክ እንዲህ ነው የሚጫወቱት» አለች ይማርሽ፤ ድምፅዋ የት እንደደረሰ አላስተዋለችም። «ጭሰኞቹ ጭምብል ለብሰው በባላባቱ ያፌዙበታል፤ በመነኩሴውም ያፌዙበታል፤ አባታችን ይቅር ይበሉኝ።»

«ባላባቱ ዝም ይላል?»

«ለጨዋታው የሚያዋጣው እሱ ነው።»

«ይኼስ ብልኅ ሰው ነው» አሉ እማማ አልጣሽ። «በጓሮ ከሚያሙት ፊቱ ቢሰድቡት ይሻለዋል።»

አንዱ ጭምብል አገጭ የለውም። ይኼን ሲያዩ ለምን እንደሆነ ጠየቁ። ይማርሽ ነገረቻቸው፦ ጠራቢው ሥራውን እስኪጨርስ ማንም እንዳያየው ታዝዞ ነበር፤ የምትወደው ልጅ ናፍቆቱ ቢብስባት በቀዳዳ አየችው፤ ያን ጊዜ የመጨረሻውን ጭምብል አገጭ ሳይጨርስ ወድቆ ሞተ።

«ልጅቱስ?» አሉ እማማ አልጣሽ። ጨዋታቸውን ትተዋል።

«እሱን አላውቅም።»

ወንዴ ቀና አለ። ጥያቄ ሲመጣ ሳያመነቱ መመለስ፣ ይላል ቅጹ፣ ተራ ቁጥር ሰባት። ይማርሽ ወደ ሃን ዞራ ጠየቀቻት። ሃን ዝግ ብላ መለሰች። «ሐዘኑ ገደላት ትላለች። መንደሩ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ያስባታል። እንዲህ ይባላል ነው እንግዲህ፤ ይሁን አይሁን የነበረ ሰው የለም።»

«ኧረ ይኖራል» አሉ እማማ አልጣሽ፤ አገጭ የሌለውን ፊት እያዩ። «ናፍቆ ያላየ ማን አለ።»

ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ማንም የወጣ የለም። ከገቡ ሁለት ሰዓት ሊሞላቸው ሲል አባ ገብረ ዮሐንስ «በሉ እንሂድ፣ ልጅቷን አደከምናት» ባይሉ ኖሮ አሁንም አይወጡም ነበር። ጫማቸውን እየፈለጉ ሳለ እማማ አልጣሽ ተመልሰው መጡ።

«ልጄ፣ ላሊበላንም እንዲህ ታውቂዋለሽ?»

«ከዚህ ይልቅ እሱን ነው የማውቀው።»

«እኔ ሠላሳ ዓመት ተመላልሻለሁ። ስሜ እገባለሁ፣ ስሜ እወጣለሁ። በየት በኩል ጀምረው እንደፈለፈሉት፣ ያቺ መስኮት ለምን እንዲያ እንደሆነች የነገረኝ ሰው የለም። የሚናገረው ሰው ከፈረንጅ ጋር ነው የሚሄደው፤ በፈረንጅ አፍ። አንድ ጊዜ ጠጋ ብዬ ልስማ ብል፣ እማማ ገለል ይበሉ፣ ፎቶ ያበላሻሉ አለኝ።» ድምፃቸው አልከረረም። «እኛስ እንግዳ አይደለንም?»

ወንዴ ቅጹን እያየ ነበር። ቀና አላለም።

«አውቶቡሱ ነገ ከሰዓት ነው» አሉ እማማ አልጣሽ። «ጠዋት አለን።»

ሰዉ ሲወጣ አቶ ወርቅአገኘሁ ቅጹን ከወንዴ ተቀብለው አነበቡት። ሲያነቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ይማርሽ ወንበር ይዛ ቆመች።

«በር ላይ እንግዳን አለማስጠንቀቅ፤ ከባድ ስሕተት። ሰዓት፤ አልፏል። ቅደም ተከተል፤ የለም። ዘጠኝ ፎቶግራፍ ተዘሏል።» መነጽራቸውን አወረዱ። «ልጄ፣ በዚህ ቅጽ ከሄድን ወድቀሻል።»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

«በሩ ላይ ያጠፋሽውን ቅጽ ባይኖርም ጥፋት እለዋለሁ። ቀድመሽ መናገር ነበረብሽ።»

«አዎ።»

ወንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ድምፅ የሚለውን አላነበቡትም፣ ጋሼ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ወረቀቱን አስጠጉት። «ድምፅ፤ መጀመሪያ ላይ የለም። በኋላ...» ወረቀቱን ወደ ወንዴ መለስ አደረጉት። «ይኼን ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

«እጄ ረጥቦ ነው። ተሰምቷል ይላል።» ወንዴ ወደ ይማርሽ አላየም። «ሌላም ነገር አለ። ቅጹ የተሠራው ለፈረንጅ ነው። ለአሥራ አምስት ሰው፣ ለአርባ ደቂቃ። ሠላሳ ሰው ሁለት ሰዓት አልሄድ ሲል የሚሞላበት ቦታ የለውም። እኔ ይዤ አላውቅም፤ እንዲህ ያለ ሰው።»

ሽማግሌው ቅጹን አራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቤተ መድኃኔ ዓለም አፋፍ ላይ ቁሚ። እነዚያ ሴትዮና ሰዎቻቸው ይመጣሉ። እኔም ባጁን ይዤ እመጣለሁ። የምሰጥሽ ግን ስትጨርሺ ነው። ዛሬ አልተጻፈልሽም፤ ፈተናው አልተዘጋም።»

«ከኋላ ነው የምቆመው» አለ ወንዴ። ከዚያ እንደ ማፈር ብሎ፣ «አልናገርም» አለ።

ይማርሽ ከሃን ጋር ሆና መሬት ላይ የነጠበውን ውኃ አደረቀች። ከአዳራሹ ስትወጣ አሸተን ማርያም ያለችበት ተራራ ላይ ጉሙ እየተገፈፈ ነበር፤ ባጃጆቹ ጭቃውን እየረጩ ወደ ላይ ይወጣሉ። ጥላ ያለበት ግንብ ሥር ቆማ ስልኳን አወጣች።

«አለፍሽ?» አለ ቢሆነኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይላት።

«ገና ነው።»

«ታዲያ ለሰኞ ልንገራቸው?»

«ንገራቸው፣ ወንድም ጋሼ። አልመጣም በላቸው።»

«ሳታልፊ?»

«ነገ ጠዋት ሠላሳ ሰው ይጠብቀኛል። የፍላቂት ሰዎች ናቸው። ሌላ ሰው አልጠሩም፤ እኔን ነው የጠሩት።»

«ቆይ፣ ድምፅሽ ምን ሆኗል? አሞሻል እንዴ? ጎርነን ብሏል።»

ይማርሽ ጉሮሮዋን በእጇ ነካችው። ያቃጥላታል፤ እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላወቀችውም ነበር።

«ደኅና ነኝ» አለችው። «ሳወራ ውዬ ነው።»